ለቀባሪ እድር አለን፣ ለጧሪስ?

የዚህን ሳምንት ደብዳቤ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 39 ዓመቴ ነው። ሳሪስ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ንግግሯ ይጎተታል እንጂ ሐሳቧ ደህና ነው። የምታገኘው ከሟች አባቴ የጡረታ ግማሹን ነው። እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዴን ጨረስኩ፣ ከዚያ ያለ ደመወዝ ወጣሁ፣ መጨረሻ ላይ ለቀቅኩ። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። የምትሠራው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በየወሩ 200 ዶላር ትልካለች። ሐምሌ ላይ እመጣለሁ ብላለች። ወንድሜ እዚሁ አያት ነው ያለው። እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ግንባሯን ስሞ ይሄዳል። አስታማሚ እንቅጠር ስላቸው እህቴ ‹እናታችንን በሰው እጅ ልትጥያት ነው?› አለችኝ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት እማዬ ለአራተኛ ጊዜ ስትጠራኝ በልቤ ‹ምነው ፈጣሪ ባሳረፋት› አልኩ። ራሴን ጠላሁት። ክፉ ልጅ ሆኜ ነው? መቄዶንያ ብወስዳትስ ይቀበሉኛል? ታናሿ፣ ከሳሪስ።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እኔም ብያለሁ።

አባቴን አራት ዓመት አስታምሜያለሁ። በሦስተኛው ዓመት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የረጠበ አንሶላ ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አንቺ ያልሽውን ቃል በቃል ብያለሁ። በማግስቱ ለነፍስ አባቴ እያለቀስኩ ስነግራቸው «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁለት ሰዓት» አልኩ። «እንግዲያው መጀመሪያ ሂጂና ተኚ፣ ንስሐውን በኋላ እናየዋለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ክፉ ልጅ ብትሆኚ አራተኛው ጥሪ ላይ አትነሺም ነበር። ተነሥተሻል አይደል?

መቄዶንያን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ። ቢኒያም በለጠ የጀመረው ያ ማዕከል የሚያነሣው ጎዳና ላይ የወደቁትን፣ ማንም የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። እናትሽ ቤት አላት፣ ሦስት ልጆች አሏት። አንቺን ለመውቀስ አይደለም የምለው። ግን አንቺ መቄዶንያን ያሰብሽው እናትሽን ለመጣል ፈልገሽ ሳይሆን በቤትሽና በመቄዶንያ መካከል ሌላ የምታንኳኪው በር ስላጣሽ ነው። ዋናው ችግር እዚያ ጋ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሽማግሌዎች ሲመርቁን ምን ይላሉ? «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ።» ሁለት ሥራ ነው የተጠራው። ቀባሪነቱን አደራጅተነዋል። እድር አለ፣ መዝገብ አለ፣ ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ ቀሪ ያለ ምክንያት ከቀረ ቅጣት አለ። ሰው በሞተ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል። ጧሪነቱ ግን መዝገብ የለውም፣ ተረኛ የለውም። እንዲያው ያላገባችው፣ ቤት የቀረችው፣ ወይም እምቢ ማለት ያልቻለችው ልጅ ላይ ይወድቃል። እናትሽ የታመመች ሰሞን ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ የመጣውን ሰው ብዛት አስታውሺ። በስድስተኛው ወር ስንቱ መጣ?

ሥራው ደግሞ ሥራ ነው። ፍቅር ብቻውን አይሠራውም። እኔ ይህን የተማርኩት በአባቴ ገላ ላይ ነው። ከአንድ ሆስፒታል ስንወጣ መድኃኒቱን ጻፉልን፣ ቀጠሮ ሰጡን፣ «አይዟችሁ» አሉን። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። እኔም እንቅልፉን እንዳልረብሸው ብዬ በጀርባው እተወዋለሁ። አንድ ቀን ሳጥበው ከጭራ አጥንቱ ላይ የአሥር ሳንቲም የምታህል ቀይ ነገር አየሁ። ቅባት ቀባሁለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ መዳፌን አከለች፣ ሥጋው ተከፈተ። ለማዳን ሰባት ወር ፈጀ። ስለ አባቴ ሳስብ አሁንም አስቀድሞ የሚመጣብኝ የዚያ ቁስል ሽታ ነው።

ስለዚህ እግረ መንገዴን፦ እናትሽ ራሷ መገላበጥ ካልቻለች በየሁለት ሰዓቱ ጎን ቀይሪላት፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርጊ። ተረከዟን፣ ዳሌዋንና ጭራ አጥንቷን በየቀኑ እይ። ስትመግቢያት ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት፣ በልታም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አታስተኛት። ውኃ ስትጠጣ የሚያስላት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ስትሮክ የመታው ሰው ከገንፎ ይልቅ ቀጭን ነገር ነው ትን የሚለው። ይህን የምታውቂው ከሆነ ይቅርታ። እኔ ግን ማንም አልነገረኝም።

አሁን ወደ እህትሽ። እንዳትጣያት፣ እሷም የራሷ ጭንቅ አለባት። ዋሺንግተን አካባቢ ስንት የእኛ ሰው በአረጋውያን ጥበቃ ሥራ እንደሚተዳደር ታውቂያለሽ። የሰው እናት እያጠቡ የራሳቸውን እናት በስልክ ስክሪን ማየት ቀላል አይደለም። «በሰው እጅ ልትጥያት ነው?» ያለችሽ ከዚያ ቁጭት ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ «አንቺ ሥራ ቦታሽ ስንት ሰዓት ገብተሽ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» እሷ ፈረቃ አላት። ፈረቃዋ ሲያልቅ ሌላ ሰው ይገባል። ከባድ ሰው ለማንሣት ሁለት ሆነው ወይ በማሽን ነው። ለሥራውም ሥልጠና ወስዳለች። አሜሪካም ገነት ነው ማለቴ አይደለም። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን ኢንሹራንሳቸው ለዓመታት ነርሲንግ ሆም መቀመጥን አይከፍልም። ብዙው ሰው ያለውን አሟጦ ከጨረሰ በኋላ ነው ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች ኢንሹራንስ የሚደርስለት። ቢሆንም እዚያ ሥራው ሥራ ተብሎ ተቆጥሯል።

አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና ሒሳቡን እናሥላው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። በየሳምንቱም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ያዛል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለ48 አካፍይው። ሦስት ተኩል ይመጣል። እናትሽን ቀንና ሌሊት ለመጠበቅ በሕጉ ልክ ቢሆን ሦስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል። አንቺ ብቻሽን ሦስት ሰው ተኩል ሆነሽ ሁለት ዓመት ቆይተሻል። ከዚያ በአራተኛው ጥሪ ላይ ምን አሰብኩ ብለሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ!

እንግዲህ የማዝሽን ስሚ። ደብተር ግዢ። ሰባት ቀን ሙሉ የምትሠሪውን በሰዓቱ ጻፊ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ሽንት። 9 ሰዓት፣ መገልበጥ። 11 ሰዓት፣ አንሶላ ቅየራ። ማጋነን አያስፈልግም፤ ደረቅ ሒሳብ ይሁን። በሌላ ገጽ ወጪውን ጻፊ፦ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ታክሲ፣ ሳሙና። ከታች አንድ መስመር ጨምሪ፦ «የታናሿ ደመወዝ»። ስትለቂ ይከፈልሽ የነበረውን ጻፊበት። ይህን መስመር ብዙ ሴቶች ማስገባት ያፍራሉ። አትፈሪ። ገጾቹን ፎቶ አንሥተሽ ለሁለቱም በቴሌግራም ላኪና እሁድ፣ ወንድምሽ በሚመጣበት ሰዓት፣ እህትሽን በቪዲዮ ጥሪ አስገቢያት። ክርክሩ «ማን እማዬን ይወዳል» ወደሚለው እንዳይሄድ ተጠንቀቂ። እዚያ ከገባችሁ ማታ ድረስ አትወጡም። «168 ሰዓቱን እንዴት እንካፈለው?» ብቻ በሉ።

ወንድምሽ ይህ የእናንተ የሴቶቹ ጉዳይ ነው ካለ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ያንብብ። ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፣ መኖሪያውንም ልብሱንም ጤናውንም ይጨምራል። ሕጉ ወንድ ልጅ ወይም ሴት ልጅ ብሎ አልለየም፤ «የመጨረሻዋ ልጅ» የሚልም የለበትም። ፍርድ ቤት ሂጂ እያልኩሽ አይደለም፣ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት አይታረቁም። ግን ውለታ እየዋለልሽ እንዳልሆነ ይወቀው። በሳምንት አንድ ሌሊት ይደር። እሁድ ከሚስመው ግንባር በተጨማሪ ቅዳሜ ማታ አንድ አንሶላ ይቀይር። ወንድ ልጅ እናቱን እንዴት ያጥባል የሚል ካለ፣ እኔም ሴት ሆኜ አባቴን አጥቤያለሁ፣ ይህንን ንገሪው። እፍረቱ ሦስት ቀን ነው።

አስታማሚ መቅጠሩን እደግፋለሁ። ግን የቤት ሠራተኛ ቀጥረሽ «እናቴንም እግረ መንገድሽን» አትበያት። ወጥ የምትሠራና ሰው የምታገላብጥ አንዲት ልጅ በሁለት ወር ጥላሽ ትጠፋለች፣ ደግም ታደርጋለች። ለብቻው የሚከፈል፣ ሰዓቱ የታወቀ ሥራ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ነርስና አስታማሚ ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ፈቃዳቸውን አሳዩኝ በይ፣ የምትመጣዋ ማን እንዳሠለጠናት ጠይቂ። ሙሉውን መክፈል ካልቻላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን። የመጀመሪያውን ሳምንት አብረሻት ዋዪና የእናትሽን ነገር አሳያት። ሌላ አንድ ነገር፦ እናትሽ ሐሳቧ ደህና ሳለ ጡረታዋንና ባንኩን የሚመለከት ውክልና ለማን መስጠት እንደምትፈልግ ጠይቂያት። ሰነዶች ማረጋገጫ ከአልጋ ለማይነሣ ሰው እንዴት እንደሚያስተናግዱም አስቀድመሽ አጣሪ። ሁለተኛ ስትሮክ አስጠንቅቆ አይመጣም።

እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልምጣ፤ ለምንድን ነው በቤትሽና በመቄዶንያ መካከል ሌላ በር የሌለው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። የጤና መድኅን ደግሞ ሲታመሙ ለማሳከም ነው፤ ቤት መጥቶ የሚያገላብጥ አይልክልሽም። ጡረታ አለ። የቃሉ ሥር እኮ ራሱ «መጦር» ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ሳለሽ ቀጣሪሽ 11 ከመቶ፣ አንቺ 7 ከመቶ ታስገቡ ነበር። ሥራ ስትለቂ ያ ቆመ። እናትሽን ለመጦር ብለሽ የራስሽን ጡረታ አቋረጥሽ ማለት ነው። ጀርመኖች እ.አ.አ. በ1995 የእንክብካቤ ኢንሹራንስ ሲያቋቁሙ ይህችን ነገር አስበውባታል። ወላጇን ቤት ውስጥ የምትጦር ልጅ፣ መስፈርቱን ካሟላች፣ የጡረታ መዋጮዋን ኢንሹራንሱ ይከፍልላታል። ለበሽተኛውም በወር ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ለምታስታምመው ልጁ መስጠት ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጃፓን ነው። እነሱም እንደኛ ነበሩ። የባሏን አባትና እናት መጦር የታላቁ ልጅ ሚስት ዕዳ ነበር። ያቃተው ደግሞ ሽማግሌውን ሆስፒታል ያስገባና በሽታው ሳይኖርበት ለወራት እዚያው ይተኛል። ሴቶቹ መናገር ጀመሩ፣ ነገሩ አደባባይ ወጣ። እ.አ.አ. በ1997 የእንክብካቤ ኢንሹራንስ ሕጉን አወጡ፣ በ2000 ሥራ ጀመረ። 40 ዓመት የሞላው ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፣ ግማሹን ወጪ ከግብር ይሸፍኑታል። አንቺን የመሰለች ልጅ ወደ ቀበሌዋ ሄዳ ስታመለክት መርማሪ ቤት ድረስ ይመጣል። ትነሣለች ወይ? ትበላለች ወይ? ሌሊት ትጠራለች ወይ? ይህን ጠይቆ ይሄዳል፤ በዚያ መሠረት እናትየው ከሰባት ደረጃ በአንዱ ትመደባለች። ከዚያ አጣቢ ይላካል፣ ቀን የሚውሉበት ቦታ ይሰጣል፣ አስታማሚዋ እንድታርፍ እናትየውን ለጥቂት ቀን የሚቀበል ቤት አለ። አብዛኛው ሰው ከወጪው አንድ አሥረኛውን ብቻ ከኪሱ ይከፍላል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ያውቁታል። እዚያ እ.አ.አ. ከ1988 ጀምሮ ብሔራዊ ኢንሹራንሱ ቤቱ ለሚጦር አዛውንት በሳምንት የተቆጠረ ሰዓት አስታማሚ ይመድባል።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ የወጣት አገር ነን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከጃፓን ከአሥር ሰው ሦስቱ ገደማ ከ65 ዓመት በላይ ነው፤ የእኛ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ግን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ብትሄጂ የአገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ ከ50 በታች ነበር፣ አሁን 65ን አልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከሁለት ልጅ በታች ከሆነ ቆይቷል። እናትሽ ሦስት ወልዳ አጠገቧ የቀረችው አንድ ናት። አንድ የወለደችዋ ጎረቤትሽ ልጇ ዲቪ ቢደርሰውስ? ይህን ነገር ሽማግሌ ሲበዛብን እንጀምረዋለን ካልን የምናረጀው እኛው ነን፣ እኔማ ጀምሬዋለሁ።

ከላይ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም፣ አንድ ትንሽ ነገር ከታች ይቻላል ባይ ነኝ። አባቴ ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው ዊልቸር ፍለጋ ከተማውን ዞርኩት። የሚከራይ አጣሁ፣ የሚሸጠው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። የእድራችን መጋዘን ከቤታችን ሃምሳ እርምጃ ነው። አንድ ቀን የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሲከፍት አየሁት። ሦስት ድንኳን፣ ብረት ድስት እስከ ጣሪያ፣ መቶ ሃምሳ ወንበር። ጎማ ያለው አንድም የለም። አባቴ ያረፈ ዕለት መቶ ሃምሳውም ወንበር ደጃችን ተደረደረ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ነበር የፈለግነው።

ከሐዘኑ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው ተነሥቼ ተናገርኩ። አንድ አባት «እድር ለሞት ነው፣ ሟርት አታምጪብን» አሉ። አንድ ዓመት ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ሁለት ዊልቸርና መቀመጫው የተበሳ፣ ለመጸዳጃ የሚሆን ወንበር ተገዛ። አሁንም ተሰልፈው ነው የሚዋሷቸው። አንዱ ዊልቸር ሄዶ አልተመለሰም፣ ማን ዘንድ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ጸሐፊው ሄደው መጠየቅ ያፍራሉ። እንዲህም ሆኖ ይሻላል። ዘንድሮ የያዝኩት ሐሳብ ደግሞ ተረኛ ነው። ለቀብር የሚወጣው ተረኛ እንዳለ ሁሉ፣ ለጠና ሰው ቤት በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ተረኛ ይመደብ እያልኩ ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ! አስታማሚዋ ገበያ ትውጣ፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ካሻት ሻይ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ትይ። እስካሁን አላለፈልኝም። አንቺም በእድርሽ አንሺው፤ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺን ሲያዩ የራሳቸው ቤት ትዝ የሚላቸው ሴቶች አይጠፉም።

እህትሽ ሐምሌ ላይ ትመጣለች ብለሻል። ከአሁኑ ተነጋገሩ። ስንት ቀን እንደምትቆይ ጠይቂ፣ ግማሹ የእናትሽ ፈረቃ ይሁን፣ ሠርጉና ጥየቃው በቀረው ይሁን። ሙያዋም ነው፣ ካንቺ ይልቅ የምታውቀው ይኖራል፤ ለአስታማሚዋም ለወንድምሽም ታሳያቸው። አውሮፕላኑ ሌሊት የሚገባ ከሆነ ወንድምሽ ይቀበላት። አንቺ ቦሌ እንዳትሄጂ። የፊት በሩን ቁልፍ ለወንድምሽ ስጪው፣ የእናትሽን ክፍል መብራት ለኩሺ፣ የራስሽን ክፍል በር ዝጊና ተኚ።